ስፒናው ቀለጠ፣ ብሬከሩን እናሳድገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ እንጀራ የምጋግረው ሳሎን ካለው ሶኬት በዲቫይደር ስቤ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስጋግር ስፒናው ቀልጦ ዲቫይደሩ ላይ ተጣበቀ፣ ሽታው ጎረቤት ድረስ ሄደ። ምጣዱ ላይ ውሃ ማፍያ ስጨምርበት ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። ባለቤቴ ባለ 16 አምፔሩን ብሬከር አውጥቼ ባለ 32 አስገባለሁ፣ ሶኬቱንም ራሴ እቀይራለሁ እያለ ነው። እሺ ልበለው? ከጀሞ

መልስ፦ ሶኬቱን ይቀይር፣ ብሬከሩን ግን እንዳይነካ እጁን ያዢልኝ። ብሬከሩ የተቀመጠው ለምጣዱ ብሎ ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ላለው ሽቦ ነው፤ ለሶኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረጋው ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ነው፣ 32 አምፔር ቢያልፍበት ሽቦው እየጋለ ብሬከሩ ዝም ብሎ ያየዋል፣ የምታውቁት ግድግዳው ሲጨስ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይበላል (ከስሩ ወይ ከጎኑ የተጻፈውን እዪ)፣ ለ220 ቮልት ስታካፍዪው 16 አምፔር፣ ማለትም ምጣዱ ብቻውን ብሬከሩን ሞልቶታል። ማፍያው 2000 ዋት ከሆነ 9 ይጨምራል፣ 25 ገባ። ብሬከሩ ሲወርድ ስራውን እየሰራ ነው እኮ!

ታዲያ ስፒናው ሲቀልጥ ለምን አልወረደም ትይኝ ይሆናል። ብሬከር የሚያየው የሚያልፈውን ኮረንቲ ነው፣ ስፒናው ጋ ያለውን ግለት አያውቅም። የሶኬቱ ወይም የዲቫይደሩ መያዣ ከላላ፣ ወይ ውስጡ ያለው ብሎን በደንብ ካልጠበቀ እዛችው ነጥብ ላይ ይግላል። ዲቫይደር ደግሞ መጋጠሚያ ይጨምራል፣ ብዙዎቹም ለምጣድ የተሰሩ አይደሉም፤ እኔ በበኩሌ ምጣድ በዲቫይደር ሲሰካ ሳይ ያመኛል።

መፍትሄው ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱን መስመር ማውጣት ነው፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ሽቦ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ ፌዝ፣ ኒውትራል እና ኧርዝ (የመሬት መስመር) ሶስቱም። ኧርዙን "ምን ያደርጋል" ብሎ የሚዘል ሰራተኛ ከመጣ አሰናብቺው፣ ምጣድ ብረት አለው፣ የምትነኪውም በእርጥብ እጅ ነው። ይሄን መስመር ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ስጡት፣ ከቆጣሪው በፊት ያለው ደግሞ የመብራት ኃይል ስለሆነ ማህተሙን ማንም አይንካ።

ባለቤትሽ ሶኬቱን ሲቀይር መጀመሪያ ቴስተሩን የሚሰራ ሶኬት ላይ ይሞክረው፣ ከዛ ብሬከሩን አውርዶ የሚፈታው ላይ ይሞክር፣ በሽቦ ቀለም ግን አይመን። መብራት ስለጠፋ ብሎ ብሬከር ሳያወርድ እንዳይጀምር፣ መብራት ሲመጣ ደውሎ አይመጣም።

እስከዛ ሊጡ ከቦካ ጎረቤት ሄደሽ ጋግሪ፣ ያን የቀለጠ ዲቫይደር ግን በናስትሮ ጠቅልላችሁ መልሳችሁ እንዳትሰኩት።