የአንባብያን ጥያቄዎች፦ ከተጠቃሚ ስም እስከ ሼል

ጥያቄ፦ ብዙ ሰዎች በጋራ የምንገባበት አንድ የሊኑክስ ሰርቨር አለ። በሆም ማውጫዬ ውስጥ ባለው «.ባሽ_ፕሮፋይል» በተባለው ፋይል ላይ ሁለት ነገሮችን ጽፌአለሁ፤ አንደኛው ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸውን ማውጫዎች የሚዘረዝረውን «ፓዝ» የተባለውን ተለዋዋጭ የሚያሰፋ መስመር ሲሆን ሌሎቹ ጥቂት የትእዛዝ አቋራጮች፣ ማለትም አሊያሶች፣ ናቸው። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከርቀት በሚያገናኘው መንገድ፣ ስገባ ሁሉም ይሠራሉ። እዚያው ሆኜ «ባሽ» ብዬ ሌላ ሼል፣ ማለትም የምጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም፣ ስከፍት ግን የፓዝ ለውጡ ሳይነካ ይገኛል፤ አሊያሶቹ የሉም። በአንድ ፋይል ላይ የተጻፉ መስመሮች ዕጣቸው ለምን ይለያያል?

መልስ፦ ሼል በራሱ የሚነሣ ፕሮግራም ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበረ ሌላ ሂደት (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) የወለደው ልጅ ስለሆነ፣ መልሱ ያለው በትውልድ ሐረጉ ውስጥ ነው። በኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ለሚገባ ሰው ሐረጉ «ጌቲ» ከተባለ ትንሽ ፕሮግራም ይጀምራል። ጌቲ ተርሚናሉን ከፍቶ የተጠቃሚ ስም ይጠይቅና ስሙን እንደተቀበለ ሥራውን «ሎጊን» ለተባለው ፕሮግራም ያስረክባል፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ሎጊን ነው። የተሰጠው ስም በሰርቨሩ ላይ ባይኖርም እንኳ የይለፍ ቃሉ ይጠየቃል፤ ይህም የትኛው ስም እንዳለና የትኛው እንደሌለ ለማያውቅ ሰው ፍንጭ ላለመስጠት ነው። በኤስኤስኤች ለሚገባ ሰው የሁለቱን ሥራ የኤስኤስኤች አገልጋይ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በመሠረቱ አንድ ነው።

ስሙ የሚፈለገው «/ኢቲሲ/ፓስወድ» በተባለው ፋይል ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ በዚያ አንድ መስመር አለው፤ መስመሩም ሰባት ክፍሎች አሉት፦ ስም፣ የይለፍ ቃል ቦታ፣ የተጠቃሚ ቁጥር፣ የቡድን ቁጥር፣ ስለ ባለቤቱ አጭር ማብራሪያ፣ ሆም ማውጫና ሼል። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ስሙን አይደለም። ቁጥሩ 0 የሆነ ተጠቃሚ፣ ስሙ ምንም ቢባል፣ የሩት (የሰርቨሩ የበላይ ተጠቃሚ) ሥልጣን አለው፤ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች የተራ ተጠቃሚዎች ቁጥር ከ1000 ይጀምራል። በሰባተኛው ክፍል ላይ ከሼል ይልቅ «ኖሎጊን» የተባለው ፕሮግራም የተጻፈ እንደሆነ፣ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን በትክክል ቢያስገባም ፕሮግራሙ መግባት እንደማይፈቀድ የሚገልጽ መልእክት አሳይቶ ያሰናብተዋል።

የይለፍ ቃሉ ራሱ በዚህ ፋይል ውስጥ የለም። ፋይሉን ማንም ሰው ሊያነበው ይገባል፤ የፋይሎችን ዝርዝር የሚያሳየው ትእዛዝ የባለቤቱን ቁጥር ወደ ስም የሚለውጠው ከዚያ አንብቦ ነውና። ስለዚህ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ኤክስ የምትባል አንዲት ፊደል ብቻ ስትሆን፣ ከይለፍ ቃሉ የተሰላው ሐሽ ሩት ብቻ በሚቆጣጠረው «/ኢቲሲ/ሻዶው» ውስጥ ተቀምጧል። ሐሽ ወደ ኋላ ተመልሶ የማይፈታ በመሆኑ፣ ሲገቡ የሚጽፉት ቃል እንደገና ይሰላና ውጤቱ ከተቀመጠው ጋር ይነጻጸራል። ሁለት ሰዎች አጋጣሚ ሆኖ አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ እንኳ ሐሾቻቸው እንዳይመሳሰሉ፣ ከስሌቱ በፊት ለእያንዳንዱ የዘፈቀደ ቁጥር ይጨመርበታል። ይህን ተጨማሪ ቁጥር በሙያው «ጨው» ይሉታል። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ስለ ዩኒክስ የይለፍ ቃል ደኅንነት በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የገለጹት ጨው 12 ቢት፣ ማለትም 4096 አማራጮች ያሉት፣ ነበር።

ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጥመው ይህ ክፍል ነው። እስከዚህ ድረስ የሚሠራው ሂደት የሩት ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑን ለቆ እርስዎን መሆን አለበት። በመጀመሪያ የቡድኖቹን ዝርዝር፣ ቀጥሎ ዋናውን የቡድን ቁጥር፣ በመጨረሻ የተጠቃሚውን ቁጥር ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ የተጠቃሚ ቁጥሩን ለውጦ ተራ ሰው የሆነ ሂደት ቡድኖቹን ለማስተካከል ሥልጣን አይኖረውም ነበር። ከዚያም ወደ ሆም ማውጫዎ ገብቶ፣ «ሆም»፣ «ዩዘር»፣ «ሼል» የመሳሰሉትን ተለዋዋጮች አዘጋጅቶ ሼሉን ያስነሣል። ሲያስነሣው ግን በስሙ ፊት አንዲት ሰረዝ ያደርግበታል፤ «ባሽ» ሳይሆን «-ባሽ» ይለዋል።

የጥያቄዎ ቁልፍ ያቺ ሰረዝ ናት። ሼሉ የራሱን ስም አይቶ ሰረዝ ካገኘ የመግቢያ ሼል እንደሆነ ይረዳል። የመግቢያ ባሽ በመጀመሪያ ለሁሉም የሆነውን «/ኢቲሲ/ፕሮፋይል» ያነባል፤ ቀጥሎ «.ባሽ_ፕሮፋይል»፣ «.ባሽ_ሎጊን» እና «.ፕሮፋይል» የተባሉትን በዚሁ ቅደም ተከተል ፈልጎ ያገኘውን የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ያቆማል። እርስዎ በኋላ «ባሽ» ብለው የከፈቱት ሼል ግን ሰረዝ የለውም፤ ከሆም ማውጫዎ «.ባሽአርሲ»ን ብቻ ያነባል። ስለዚህ ሁለተኛው ሼል የእርስዎን ፋይል ጨርሶ አልከፈተውም።

ታዲያ ፓዝ እንዴት ተገኘ? በውርስ ነው። ኤክስፖርት የተደረገ፣ ማለትም ለልጅ ሂደቶች እንዲተላለፍ የተደረገ፣ ተለዋዋጭ የሂደቱ አካባቢ አካል ስለሆነ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ አሊያስ ግን በአንድ ሼል ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር በመሆኑ ከዚያ አይወጣም። መፍትሔው አሊያሶቹን ወደ «.ባሽአርሲ» ወስዶ፣ የፓዙን መስመር ባለበት ትቶ፣ «.ባሽ_ፕሮፋይል» ራሱ «.ባሽአርሲ»ን እንዲጠራ አንድ መስመር መጨመር ነው። የፓዙን መስመርም አብረው ቢያዛውሩት፣ ሼል ውስጥ ሼል በከፈቱ ቁጥር ያው ማውጫ እየተደገመ ይጨመርበታል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ «.ባሽ_ፕሮፋይል»ን ራስዎ ፈጥረውት ከሆነና ሰርቨሩ ቀድሞ «.ፕሮፋይል» ሰጥቶዎት ከነበረ፣ ያ ፋይል ከዚያን ቀን ጀምሮ በመግቢያ ጊዜ አልተነበበም።

ጥያቄ፦ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ የጋራ ማውጫ ወዳለው ቡድን እንደጨመረኝ ነገረኝ፤ እኔ ግን ማውጫውን ለመክፈት ስሞክር አሁንም ፈቃድ የለህም እባላለሁ። እርሱ በበኩሉ ስሜ በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ያሳየኛል። ማናችን ነን የተሳሳትነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ከላይ እንደተገለጸው የቡድኖቹ ዝርዝር በሂደቱ ላይ የሚለጠፈው በመግቢያ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ቢለወጥ ቀድሞ የተወለደው ሼል አያውቀውም። «አይዲ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻውን ከጻፉት አሁን ያሉበት ሂደት የያዛቸውን ቡድኖች ያሳያል፤ ከስምዎ ጋር ከጻፉት ግን በፋይሉ ላይ የተመዘገበውን ያሳያል። ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ ወጥተው እንደገና ይግቡ። ግንኙነት ቢቋረጥም ሼሎችን ክፍት አድርጎ በሚያቆየው «ቲሙክስ» ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ ሲወጡ ቲሙክስ አይሞትም፤ ሲመለሱ የሚያገኙዋቸው ሼሎች፣ አዲስ የሚከፍቷቸውም ጭምር፣ የእርሱ ልጆች ስለሆኑ አሮጌውን ዝርዝር እንደያዙ ይቆያሉ። እርሱንም ዘግተው ያስነሡት።

ጥያቄ፦ ስገባ ሰላም የሚለኝ አንድ የ«ኤኮ» መስመር በ«.ባሽአርሲ» ላይ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ በኤስኤፍቲፒ ፋይል መላክ አልቻልኩም፤ መልእክቱ ከልክ በላይ ረጅም ነው ይለኛል። የምልከው ግን በጣም ትንሽ ፋይል ነው።

መልስ፦ ረጅም የተባለው ፋይሉ አይደለም፤ ሰላምታዎ ነው። የኤስኤስኤች አገልጋይ የፋይል ማስተላለፊያውን የሚያስነሣው ብዙውን ጊዜ በእርስዎ ሼል በኩል ነው፤ ባሽም ከርቀት እንደተጠራ ሲገምት፣ ፊት ለፊቱ ሰው ባይኖርም፣ «.ባሽአርሲ»ን ሊያነብ ይችላል። ሰላምታው በመስመሩ ላይ ሲወጣ በሌላኛው ጫፍ ያለው ፕሮግራም የመጀመሪያዎቹን አራት ባይቶች የመልእክቱ ርዝመት አድርጎ ይቈጥራቸዋል፤ ፊደላት እንደ ቁጥር ሲነበቡ ደግሞ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ይሆናሉ። ሰላምታውን ወደ «.ባሽ_ፕሮፋይል» ያዛውሩት። ወይም በ«.ባሽአርሲ» መጀመሪያ ላይ «$-» በተባለው ተለዋዋጭ ውስጥ አይ የምትባለው ትንሿ ፊደል መኖሯን የሚፈትሽና ከሌለች ንባቡን የሚያቋርጥ መስመር ያስገቡ፤ ፊደሏ የምትገኘው ሼሉ ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ጊዜ ብቻ ነው። እነዚህን ፋይሎች ሲያርሙ ያሉበትን ግንኙነት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት ገብተው ይሞክሩ፤ ስሕተት ከተፈጠረ የሚያስተካክሉት በዚያ ባልተዘጋው ሼል ነው።