ለድፎ ያማረው ዱቄት ኬክ ላይ ለምን ይጠጥራል?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂዋ ስንዴ ከገበያ ገዝተው፣ አበጥረው፣ ወፍጮ ቤት ያስፈጫሉ። በዚያ ዱቄት የጋገሩት ድፎ ዳቦ ኩፍ አይልም፤ ሲቆረስም ይፈረፈራል። እርሾ ቢጨምሩበትም አልተሻለም። ከሱቅ በገዙት ፉርኖ ዱቄት ሲያቦኩ ድፎው ያምራል፤ በዚያው ፉርኖ ኬክ ሲሠሩ ግን ይጠጥርባቸዋል። «ጥፋቱ የእርሾው ነው፣ የምድጃው ነው ወይስ የዱቄቱ?» ይላሉ።

እህቴ፣ የዱቄቱ ነው። እርሾ መጨመሩን ይተዉት። የእርሾ ሥራ አየር መፍጠር ነው፤ ያንን አየር አፍኖ የሚይዘው ግሉተን ነው። ያዡ ደካማ ከሆነ፣ እርሾ በበዛ ቁጥር ሊጡ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎም ይወድቃል።

ስንዴ ውስጥ ግሊያዲንና ግሉቴኒን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ውሃ ሲያገኙና ሲታሹ ተያይዘው ግሉተን ይሆናሉ። ሊጡ እንዲሳብ የሚያደርገው ግሊያዲን ነው፤ ተስቦ እንዲመለስ የሚያደርገው ደግሞ ግሉቴኒን። ለኬክ ተብሎ የሚፈጭ ዱቄት በ100 ግራም ውስጥ ከ7 እስከ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ለሁሉም የሚሆነው ከ10 እስከ 12፣ የዳቦው ከ12 እስከ 14። ከውጭ የገባ ዱቄት ሲገዙ ይህን ቁጥር ከጥቅሉ ጀርባ ያገኙታል። በጣሊያን ዱቄት ጥቅል ላይ የሚጻፈው «00» ግን የሚናገረው ዱቄቱ ምን ያህል እንደተጣራ እንጂ ግሉተኑን አይደለም።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል፤ የእርስዎም ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ስንዴ በፕሮቲን ከፉርኖ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ከፕሮቲኑ ከፊሉ ያለው ፉርሽካው ውስጥ ስለሆነ ግሉተን አይሆንም። ፉርሽካው ራሱ ደግሞ ውሃውን ይጠጣል፣ የተያያዘውንም ግሉተን ይበጣጥሳል። ሌላው የስንዴው ዘር ነው። ከአገራችን ነባር ስንዴዎች ብዙዎቹ ዱረም ናቸው፤ ለፓስታና ለማካሮኒ የሚፈለገው ዓይነት። ዱረም ፕሮቲን ሞልቶታል፤ ግሉተኑ ግን ግትር ነው፣ ሲስቡት ይበጠሳል። ስለዚህ ነጋዴውን «የዳቦ ስንዴ ነው ወይስ የማካሮኒ?» ብለው ይጠይቁት። ከአርሲና ከባሌ የሚመጣው በብዛት የዳቦ ስንዴ ነው።

ነጋዴው የሚለውን ካላመኑት በእጅዎ ይፈትሹት። 100 ግራም ዱቄት በ60 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ጠንከር አድርገው ያሹት፤ ሙሉ ስንዴ ከሆነ ውሃውን ትንሽ ይጨምሩለት። ሸፍነው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርገው ሊጡን ቀስ እያሉ እየጨመቁ ይጠቡት። የሚወጣው ነጭ ውሃ ስታርች ነው። በወንፊት እያጠለሉ፣ ያመለጠውን ቁራጭ እየመለሱ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይቀያይሩ። በመጨረሻ እጅዎ ላይ የታኘከ ማስቲካ የመሰለ ነገር ይቀራል፤ ግሉተኑ እሱ ነው። ጨምቀው ይመዝኑት። 30 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ የዳቦ ዱቄት ነው፤ ከ20 በታች ከሆነ ለኬክና ለብስኩት ያድርጉት። ከመዘኑ በኋላ ይሳቡት። ስስ ሆኖ ከተዘረጋ ድፎውን ይሸከማል፤ ክብደቱ በቂ ሆኖ ሳለ ቶሎ ከተበጠሰ ግን ዱረም ሳይሆን አይቀርም። ፉርኖም ከጆንያ ጆንያ ይለያያልና አዲስ ጆንያ ሲከፍቱ ይህን ቢያደርጉ አይጎዱም።

የወፍጮ ቤቱን ዱቄት አይጣሉት። በወንፊት ነፍተው ሻካራውን ፉርሽካ ያስወጡ፤ ከዚያ ግማሽ በግማሽ ከፉርኖ ጋር ይቀላቅሉት። መጀመሪያ በውሃ ብቻ ለውሰው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ እርሾውንና ጨውን ከዚያ በኋላ ያስገቡ። ሊጡ ከለመዱት ላላ ይበል፤ ፉርሽካ ውሃ መምጠጡን ቶሎ አያቆምም። ጨው አይቆጥቡ፣ ለአንድ ኪሎ ዱቄት 20 ግራም ያህል ግሉተኑን ያጠነክረዋል።

ጤፍ መቀላቀል ከፈለጉ፣ ጤፍ ግሉተን የለውምና ከኪሎው ውስጥ ከ100 እስከ 150 ግራም ቢበቃ ይሻላል። በቆሎና ማሽላም እንደዚሁ ናቸው። ገብስ ሊጥ የመሸከም አቅም የለውም፤ ሆኖም ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ላለበት ሰው እንደ ስንዴ ይጎዳል። ቤትዎ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ፣ ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ ጤፍ አያብሉት።

ኬኩ ላይ ቀላል ነው፤ የሚያጠጥረው ያው ድፎውን የሚሸከመው ግሉተን ነው። ከየ100 ግራሙ ፉርኖ 15 ግራም ያህል ቀንሰው በምትኩ የበቆሎ ስታርች ይተኩና አብረው ሁለት ጊዜ ይንፉት። ቅቤውንና ስኳሩን፣ እንቁላሉንም እንደፈለጉ ይምቱ፤ ዱቄቱ ከገባ በኋላ ግን መምቻውን ያስቀምጡ። በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እያገላበጡ ይቀላቅሉ፣ ደረቅ ዱቄት መታየቱን ሲያቆም ወዲያው ወደ ምድጃ ያስገቡት።