ውሻህን ይዘህ ወደ ቦረና ሳይንት?

ወንድሜ፣ ከደሴ እስከ ቦረና ሳይንት ፓርክ ከውሻዬ ጋር በእግር ስሄድ ምን ልያዝ ብለሃል። እባክህ፣ ውሻህን ፓርኩ ውስጥ አታስገባ። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በአገሪቱ የቀረውም 500 አካባቢ ብቻ ነው። ክፉኛ የሚፈጀው ደግሞ ከቤት ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻህ ክትባት ቢኖረውም ሌላ በሽታ ሊያደርስ፣ ቀበሮዎቹንም ሊያባርር ይችላል። እኔ ብሆን ለዚያ ጉዞ ቤት እተወው ነበር።

ከእሱ ጋር መሄድ ካማረህ ደሴ አጠገብ የጦሳ ተራራ አለልህ። በጠዋት ውጡ። ውሃ ለሁለታችሁም ያዝ፣ ምላሱን አውጥቶ ካለከለከ ጥላ ፈልገህ አሳርፈው። በግ ስታይ ገመዱን አሳጥር፣ እረኛውንም ከሩቅ ሰላም በል፤ የእረኛ ውሻ ለእንግዳ ውሻ አይመለስም። ጅብ ስላለ ሳይመሽ ውረዱ።