«ጨዋታ ላይ እግሬ የሰው እግር ይሆንብኛል»፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሯጭ ነኝ። ውድድር ሲቃረብ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ አፌ ይደርቃል። ለውድድር አልተፈጠርኩም ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! ሰውነትህ ለሩጫው እየተሰናዳ ነው። አድሬናሊን የተባለው፣ ሰውነትን ለትግል የሚያነቃው ሆርሞን ሲመነጭ ደም ከሆድና ከቆዳ ቀንሶ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ እጅህን ያቀዘቀዘው፣ ሆድህን ያወከው ይኸው ነው። ስለዚህ ጭንቀቱን ላጥፋ ብለህ አትድከም፤ ሥራ ስጠው። አየር በአፍንጫህ ስበህ፣ ከሳብክበት ጊዜ አስረዝመህ ቀስ እያልክ አስወጣ። ማሟሟቂያህን በለመድከው ቅደም ተከተል ሥራ። በውድድር ቀን አዲስ ጫማም ሆነ አዲስ ምግብ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ በልምምድ ፍጹም ቅጣት ምት አልስትም። ጨዋታ ላይ ግን እግሬ የሰው እግር ይሆንብኛል።

መልስ፦ እግርህ ለብቻው የሚያውቀውን ሥራ በሐሳብህ ልትመራው ስትሞክር ቅልጥፍናው ይጠፋል። ሌላው ጠላት ጥድፊያ ነው፤ ብዙ ተጫዋች ከጭንቀቱ ቶሎ ለመገላገል ፊሽካው እንደተነፋ ይንደረደራል። አንተ ኳሷን ራስህ አስቀምጥ፣ ጥጉን ወስን፣ አንዴ በረጅሙ ተንፍስ፣ ከዚያ ሂድ። ልምምዱንም ደክሞህ፣ ጓደኞችህ እየጮሁብህ ሞክረው፤ ጸጥ ያለ ሜዳ ላይ ብቻ የተለመደ ምት ጩኸት ውስጥ ይከዳል። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ በ200 ሜትር ቢራቢሮ ዋና መነጽሩ ውሃ ሞልቶበት ምንም አይታየውም ነበር። የክንዱን ምት እየቆጠረ ዋኝቶ ወርቁን ወሰደ። አእምሮው የሚይዘው ሥራ ነበረው።

ጥያቄ፦ ዒላማ ተኳሽ ነኝ። የልብ ምት የሚቀንስ ኪኒን ብወስድስ?

መልስ፦ እንዳታደርገው። ፕሮፕራኖሎልና መሰሎቹ የልብ ምት ቀናሽ መድኃኒቶች በተኩስና በቀስት ውድድር የተከለከሉ ናቸው፤ በዚያው በቤጂንግ አንድ ተኳሽ በዚሁ መድኃኒት ሁለት ሜዳሊያ ተነጥቋል። ለአስም ሕመምተኛም አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ጂምናስቲክ ትሠራለች። ከውድድር በፊት ታስመልሳለች፤ አሁን አሁን እንቅልፍም እምቢ ብሏታል። «አይዞሽ፣ አትጨነቂ» እላታለሁ፤ አልሆነም።

መልስ፦ «አትጨነቂ» ሲሏት መጨነቋም ጥፋት ይመስላታል። «ምን ይሰማሻል?» ብለው ይጠይቋትና ሳያቋርጡ ያድምጧት። ስለ ውጤት ግን ራሷ ካላነሳች አያንሱ። እንቅልፍ መንሳት ከጀመረ ነገሩ ከውድድር ፍርሃት አልፏልና የሥነ ልቦና ባለሙያ ይያት። ማረፍ ካስፈለጋት ትረፍ። አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ሲሞን ባይልስ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ አየር ላይ አቅጣጫዋ ሲጠፋባት ከቡድኑ ፍጻሜ ወጣች፤ ብትቀጥል አንገቷ ሊሰበር ይችል ነበር። በ2024 ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅ አገኘች። ልጅዎ ወርቅ ባታመጣ እንኳ ጤናዋ ይቀድማል፤ ይህንንም ከውድድሩ በፊት ከእርስዎ አፍ ትስማው።