መልስ፦ መጽሐፉን ያነበቡ ለምን በፊልሙ ይከፋሉ? የቱን ቅጂስ ላሳይ?

አብሽር ወንድሜ፤ ደሴ ላይ ጓደኞችህን ሰብስበህ ከቶልኪን ልብ ወለድ የተሠሩትን ሦስቱን የ«የቀለበቶቹ ጌታ» (The Lord of the Rings) ፊልሞች ልታሳይ ማሰብህ ደስ ይላል። መጽሐፉን ላነበቡት ሲኒማ ላይ ያልታዩ ትዕይንቶች የተጨመሩበትን ረጅሙን ቅጂ (Extended Edition) አሳይ። የመጀመሪያው ፊልም ሲኒማ ላይ 178 ደቂቃ ነበር፤ ረጅሙ 30 ያህል ደቂቃ ይጨምርበታል፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ 50 ያህል። በዲስክ ከሆነ እያንዳንዱ ረጅም ፊልም ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ፣ ዲስኩ ሲቀየር አቦሉን ትጠጣላችሁ።

ረጅሙም ቢሆን ሁሉንም ቅሬታ አይፈታም። ከሲኒማው ቅጂ የተቆረጠው የክፉው ጠንቋይ የሳሩማን አሟሟት ተመልሷል። ቶም ቦምባዲል የተባለው የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ፣ እንዲሁም ሆቢቶቹ (አጫጭሮቹ ሕዝቦች) በመጨረሻ አገራቸውን ነጻ የሚያወጡበት ምዕራፍ ግን በሁለቱም ቅጂዎች የሉም፤ አስቀድመህ ንገራቸው፣ አለዚያ እስከ መጨረሻው ይጠብቃሉ።

ዋናው ጠብ ፋራሚር በተባለው የጦር አለቃ ላይ ነው። በመጽሐፉ የክፋት ኃይል ያለውን ቀለበት እንቢ ብሎ፣ ቀለበቱን የተሸከመውን ሆቢት ፍሮዶን በሰላም ያሰናብተዋል፤ በፊልሙ ግን ማርኮ ኦስጊሊያት እስከተባለችው የፈረሰች ከተማ ይወስደዋል። የፊልሙ ጸሐፊዎች ምክንያት አላቸው፦ ሁሉን የሚያማልል ቀለበት አንዱን ሰው ጭራሽ ካልፈተነው፣ በተመልካች ዓይን ኃይሉ ይቀንሳል። ለፊልም ምክንያቱ ይገባኛል፤ የፋራሚር ክብር መጉደሉ ግን እውነትም ያሳዝናል። ሁለተኛውን ፊልም ስታሳይ እዚያ ላይ አቁመህ አወያያቸው።