ዝም ብላችሁ አትጡት

ግንቦት ሲመጣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ድግስ አይጠፋም። ልጅ ከሃይስኩል ይመረቃል፣ ዳቦው ይቆረሳል። ከዚያ አባት ብርጭቆውን ይዞ ይነሳና «ልጄ ስኮላርሺፕ አግኝታለች» ይላል። እልልታው ይቀልጣል። እኔም አጨበጭባለሁ። ትንሽ ቆይቼ ልጅቷን ጥግ ላይ አገኛትና «ደብዳቤው ስንት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ጠብቂ ይላል?» እላታለሁ። ባለቤቴ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። በድግስ መሀል የሚጠየቅ አይደለም ትለኛለች። ልክ ናት። ግን ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ያየሁት ነገር ዝም አያሰኘኝም።

እልልታ የተባለላቸው ልጆች በዓመታቸው ቢሮዬ መጥተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ነገሩ ሲበላሽ ለማንም አልተናገሩም፣ ማንንም አልጠየቁም፣ በቃ። እኔ ጋ የሚደርሱት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነበር።

ከራሴ ልጀምር። ካርቱም ሦስት ዓመት ቆይቼ በ1984 ዋሺንግተን ገባሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እዚህ ሳረጅ ለመደብኝ።) ማታ ማታ መሀል ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና አቆማለሁ፣ ቀን እማራለሁ። የምማርበት ዩኒቨርሲቲ የክፍያዬን ግማሽ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ሰጠኝ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ስታቲስቲክስ አስቸገረኝ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «ድሮፕ አድርገው፣ ኤፍ ከምታገኝ ይሻላል» አለኝ፤ ኮርሱን ጣለው፣ ከምትወድቅ ማለቱ ነው። አደረግሁት። በሴሚስተሩ የምወስደው ክሬዲት፣ ማለትም ኮርስ የሚለካበት ቁጥር፣ ከ12 ወደ 9 ወረደ። ደብዳቤዬ ላይ «ፉል ታይም» የሚል ቃል ነበረበት። ፉል ታይም ማለት ቢያንስ 12 ክሬዲት እንደሆነ ማን ነግሮኝ! ሰመር ላይ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ስኮላርሺፑ ተሰርዟል ይላል።

አፍሬ ዝም አልኩ። ለአገር ቤት ዘመዶቼ በስልክ «ትምህርት ጥሩ ነው» እላለሁ፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። አቤቱታ ማቅረብ እንደሚቻል ያወቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም የሌሎችን አቤቱታ የምቀበል ሠራተኛ ሆኜ።

አሁን ወደ እናንተ። ስኮላርሺፕና እርዳታ ለማግኘት መጀመሪያው በር ፋፍሳ ነው፤ የተማሪ እርዳታ ለመጠየቅ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ። መሙላቱ በነጻ ነው፤ «እኔ ልሙላልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው አመስግናችሁ ተሰናበቱት። አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ሜሪላንድ ግን ለራሷ እርዳታ እስከ ማርች 1 ካልሞላችሁ አታውቃችሁም። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል እርዳታ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በ2024-25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። አይመለስም፣ ብድር አይደለም። አንዳንድ ኮሌጆች በችሎታ የሚሰጡትን ስኮላርሺፕ እንኳ ፋፍሳ ሳያዩ አይሰጡም።

እኛ ቤት ግን ፋፍሳ የሚሰናከለው ኮምፒዩተሩ ላይ አይደለም፤ ሳሎን ውስጥ ነው። ልጁ የአባቱን ታክስ ይጠይቃል። አባት «ምን ያደርግልሃል?» ይላል። ገቢ ገመና ነው። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ አባት ምን እንደሚገባው ለሚስቱም በደንብ ላይናገር ይችላል፣ ለልጁማ! አንዳንዱ ደግሞ «ቤት አለን፣ ቤቱን አይተው ይከለክሉናል» ብሎ ይፈራል። ፋፍሳ የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም። የጡረታ ሂሳብ ውስጥ የተቀመጠውንም አይቆጥርም። ቤቱን የሚጠይቀው አንዳንድ የግል ኮሌጆች የሚያስሞሉት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ሌላ ቅጽ ነው። ይህን ለአባታችሁ በእርጋታ አስረዱት። ቅዳሜ ከቡና በኋላ ጥሩ ሰዓት ነው።

ለዲቪ መጪዎች አንድ የሚያናድድ ነገር ልንገራችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ መሙላት ይችላል። ጥገኝነት የተሰጠውም ይችላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ፔል ግራንት አያገኝም። የውጭ አገር ዲግሪም ዲግሪ ነው ይላል ሕጉ። እዚህ ማንም የማይቀበለውን ዲግሪ፣ እርዳታ ለመከልከል ሲሆን ይቀበሉታል! ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዲግሪ የለኝም ልበል እንዴ?» ይለኝ ነበር። አትበሉ። ተደርሶበት ገንዘቡን መልሱ የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ርካሽ ነው፣ የኮሌጁን የራሱን ስኮላርሺፕም መጠየቅ ይቻላል። ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን የምትንቁ ወጣቶች ካላችሁ፦ ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለሚዛወሩ ጎበዝ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል። ፉክክሩ ከባድ ነው። ግን የማያመለክት ሰው አያገኝም።

ከስኮላርሺፕ ማመልከቻ ጋር ስለሚጻፈው ድርሰት አጭር ነገር ልበል። እዚህ ተወልዳችሁ ስለ ኢትዮጵያ ረሀብ አትጻፉ። አላያችሁትም፣ አንባቢውም ያውቅባችኋል። ካነበብኳቸው ሁሉ የማይረሳኝ የአንድ ልጅ ጽሑፍ ነው። ከአስር ዓመቱ ጀምሮ የእናቱን ፖስታ እየከፈተ ይተረጉምላት ነበር። የመብራት፣ የኢንሹራንስ፣ የሐኪም። አንድ ቀን የእናቱን የምርመራ ውጤት መተርጎም መጣበት። ቃሉን እያወቀው «አልገባኝም» ብሎ ዋሻት። ስለዚያች ውሸት ነው የጻፈው። ስኮላርሺፑን አገኘ።

ማግኘቱ እንዲህ ነው። መጠበቁ ነው ጣጣው።

የሽልማት ደብዳቤያችሁን ዛሬ አውጡና አንብቡት። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ስንት ጂፒኤ፣ ስንት ክሬዲት፣ መቼ እንደሚታይ። ብዙው የችሎታ ስኮላርሺፕ 3.0 ይላል። አንዳንዱ 12 ክሬዲት ይበቃዋል፣ አንዳንዱ በዓመት 30 ጨርሱ ይላል። 12 እየወሰዳችሁ በዓመት 30 አይሞላም፣ ሰመር መማር ሊኖርባችሁ ነው ማለት ነው። ይህን ሜይ ላይ ከምታውቁ ሴፕቴምበር ላይ ብታውቁ ይሻላል።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። የመጀመሪያው ሴሚስተር 15 ክሬዲት ወስዳችሁ 2.4 አመጣችሁ እንበል። በዓመቱ መጨረሻ 3.0 ለመድረስ በሁለተኛው 15 ክሬዲት 3.6 ማምጣት አለባችሁ። 2.4 ያመጣ ልጅ በአንድ ጊዜ 3.6 አያመጣም አልልም። አይቻለሁ። ግን ጥቂት ነው ያየሁት። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የምጨቀጭቀው። የእኛ ልጆች ደግሞ ምን ያደርጋሉ? ዶክተር ሁኑ ተብለው ተልከዋል፤ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ካልኩለስ በአንድ ላይ ይመዘገባሉ፣ በዚያ ላይ ሥራ። የሐበሻ ልጅ ስኮላርሺፕ በብዛት የሞተው እዚያች ሴሚስተር ውስጥ ነው። ከሦስቱ አንዱን ወደ ሁለተኛው ሴሚስተር አስተላልፉት። ሐኪም መሆናችሁ አይቀርም።

አትላንታ ያላችሁ ሆፕ ስኮላርሺፕን ታውቁታላችሁ። በ1993 ተጀምሮ ከጆርጂያ ሎተሪ ገንዘብ የሚከፈል ነው። እሱ ኬላ አለው፦ 30፣ 60 እና 90 ክሬዲት ላይ ያስቆማችኋል፣ ጂፒኤያችሁ 3.0 መሆን አለበት። አንዴ ብትወድቁ በሚቀጥለው ኬላ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛ ከወደቃችሁ ግን መመለሻ የለውም።

ከስኮላርሺፑ ደንብ ሌላ የፌዴራሉ እርዳታ የራሱ ደንብ አለው። ብዙ ኮሌጆች ከጀመራችሁት ክሬዲት 67 በመቶውን መጨረስ አለባችሁ ይላሉ። 30 ጀምራችሁ 18 ከጨረሳችሁ 60 በመቶ ነው፣ አልሆነም። እዚህ ላይ ነው «ድሮፕ» የሚባለው ነገር ሰው የሚያሳስተው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጣላችሁት ኮርስ ከነጭራሹ ይጠፋል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የጣላችሁት ግን ደብሊው (W)፣ አቋርጧል የሚል ምልክት፣ ሆኖ ይቀመጣል። ደብሊው ጂፒኤ አይነካም፣ ስለዚህ ልጆች ነጻ ይመስላቸዋል። ከጀመራችሁት ክሬዲት ውስጥ ግን ይቆጠራል፣ ከጨረሳችሁት ውስጥ አይቆጠርም። ሴሚስተሩን ጭራሽ ጥላችሁ ከወጣችሁ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ፤ 60 በመቶው ሳይሞላ፣ ማለትም በ15 ሳምንት ሴሚስተር ዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ሳይደርስ ከሆነ፣ ከተሰጣችሁ የፌዴራል ገንዘብ የተወሰነው ይመለሳል። ኮሌጁ መልሶ እናንተን ይጠይቃችኋል። ኮርስ ከመጣላችሁ በፊት አድቫይዘራችሁንም (የትምህርት አማካሪያችሁን) ፋይናንሻል ኤይድንም ጠይቁ። ሁለቱ አይነጋገሩም። ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ነበርኩ፣ አይነጋገሩም።

በኤፍ ዋን፣ በተማሪ ቪዛ፣ የመጣችሁ ፋፍሳ የላችሁም፤ የእናንተ ገንዘብ ከኮሌጁ ነው የሚመጣው። ለእናንተ 12 ክሬዲት የስኮላርሺፕ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቪዛም ጉዳይ ነው። የኢንተርናሽናል ቢሮው ሳይፈቅድላችሁ ከዚያ እንዳትወርዱ።

አንዲት ልጅ ልንገራችሁና ላብቃ። ሁለተኛ ዓመት ነበረች። 3.0 የሚጠብቅ ስኮላርሺፕ ነበራት፣ ጂፒኤዋ 2.6 ወረደ። ጁን ላይ አቤቱታ ይዛ መጣች። ሁለት መስመር ናት፦ እባካችሁ አንድ ዕድል ስጡኝ፣ ከአሁን በኋላ ጠንክሬ እማራለሁ። «ልጄ፣ ይሄ ልመና ነው» አልኳት። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም ጋሼ።»

ጠበቅኳት። ቆይቶ ወጣ። አባቷ ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ ይሄዳል። እናቷ የአዳር ሥራ ናት። ጎህ ሳይቀድ አባቷን የምታደርሰው እሷ ናት፣ ከዚያ ጠዋት የሁለት ሰዓት ኬሚስትሪ። ግማሹን ክፍለ ጊዜ አልገባችም። ለአስተማሪው አልነገረችም፣ ለአድቫይዘሯ አልነገረችም። ለአባቷም ኤ እያመጣሁ ነው ብላዋለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ፤ እዚያ ቤት አባትየው ሐኪም ሲያገኝ የሸሸገችው እሷ ነበረች።

አቤቱታ ሲጻፍ ሦስት ነገር ይፈለጋል። ምን ደረሰባችሁ፣ ማስረጃው የት አለ፣ አሁን ምን ተለወጠ። የፌዴራሉ ደንብ የዘመድ ሞትን፣ የራስን ሕመምና ሌላ ልዩ ችግርን ይቀበላል። «አያቴ ናት የሞተችው፣ አይቆጥሩልኝም» ብለው አገር ቤት ለቅሶ ሄደው መምጣታቸውን የደበቁ ልጆች ነበሩ። አያት ዘመድ ናት። የአውሮፕላን ትኬቱን ከአቤቱታው ጋር አያይዙ። ሦስተኛውን ነገር ደግሞ ሰው ይረሳዋል፦ ችግሩ አሁንም ካለ ኮሚቴው ምን አምኖ ገንዘቡን ይመልስ? ልጅቷ የአባቷን ምልልስ ማክሰኞና ሐሙስ የሚወስድላት የቤተ ክርስቲያን ሰው አግኝታ ስሙን ጻፈች። ኬሚስትሪውን ወደ ከሰዓት አዞረች።

የሆስፒታሉን ወረቀት ለማግኘት ግን አባቷን መጠየቅ ነበረባት። በማግስቱ አብረው መጡ። ኮቱን ለብሷል፣ ክንዱ ላይ ፋሻ አለ። ከእኔ ፊት ነው ያወራት፦ «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነዋ።»

ዝም አለ። እኔ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ፋፍሳው ላይ ያለው ገቢ አልጥም አለኝ። ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት ያለውን ታክስ ነው። ያኔ እሱ ጤነኛ ነበር፣ ታክሲውን ቀንና ማታ ይነዳ ነበር። «አሁንም ትሠራለህ?» አልኩት። ልጅቷን አየት አደረጋት። ታክሲውን ከሸጠ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። እሷ ጋራዥ የገባ መስሏታል።

ገቢ እንዲህ ሲወርድ የፋይናንሻል ኤይድ ሠራተኛ ቁጥሩን የማስተካከል ሥልጣን አለው። ማስረጃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህን ስነግረው አባትየው ከኮቱ ውስጥ አንድ የተጣጠፈ ቡናማ ፖስታ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ልጅቷ ልታነሳው እጇን ዘረጋች። ቀድሟት ያዘው፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እሱ ራሱ ከፈተላት።