ሞሬን ሌክን ለማየት ላሰባችሁ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ለምንኖር ሰዎች እንግዳ ሲመጣ መውሰጃችን ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ ካሉት ሐይቆች ደግሞ በብዛት የምጠየቀው ስለ ሞሬን ሌክ ነው። የአሥሩ የተራራ ጫፎች ሸለቆ በሚባለው ውስጥ፣ 1,884 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከላይ ካለው የበረዶ ግግር ቀልጦ የሚወርድ ውሃ ይሞላዋል። ቦታውን በጣም ስለምወደው ሰው ሳይዘጋጅ ሄዶ ከደጅ ሲመለስ ያሳዝነኛል። ለዚህ ነው ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ያልኩት።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ በሌሊት ተነስተን በራሳችን መኪና ብንሄድ ፓርኪንግ እናገኛለን?

ወንድሜ፣ በሌሊት መነሳትህ ምንም አይጠቅምህም። ከ2023 ጀምሮ ወደ ሞሬን ሌክ የሚወስደው መንገድ ለግል መኪና ዝግ ነው። በፊት ጎህ ሳይቀድ ፓርኪንጉ ሞልቶ፣ መኪናው መንገዱን ዘግቶ ይውል ነበር። አሁን የሚገባው በአውቶቡስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናህን ሌክ ሉዊዝ ስኪ ሪዞርት ያለው ሰፊ ማቆሚያ ላይ ታቆማለህ። ከካልጋሪ እዚያ ድረስ 2 ሰዓት ያህል ይነዳል። ከዚያ የፓርክስ ካናዳ (ብሔራዊ ፓርኮቹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት) ሻትል፣ ማለትም የሚያመላልሰው አውቶቡስ፣ ይወስድሃል። ቦታ ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ አለበት። የተወሰነው ወንበር በፀደይ ይለቀቃል፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። አብዛኛው ግን የሚለቀቀው ከጉዞው 2 ቀን በፊት፣ በአልበርታ ሰዓት ጠዋት 8፡00 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ለቅዳሜ ከፈለግህ ሐሙስ ጠዋት አካውንትህን ከፍተህ፣ ካርድህን አዘጋጅተህ ጠብቅ። ብዙ ሰው «አልቋል» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ይህን ሁለተኛ ዙር ስለማያውቅ ነው።

ዋጋው ለአዋቂ 8 ዶላር ገደማ ነው። ልጆች አይከፍሉም፤ ሆኖም ለእነሱም ወንበር መያዝ አለበት። የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ነው። በዚያው ቲኬት በሁለቱ ሐይቆች መካከል የሚመላለሰውን አውቶቡስ ስለምትጠቀም ሌክ ሉዊዝንም በአንድ ቀን ታያለህ። እኔ መጀመሪያ ሞሬንን፣ ከሰዓት በኋላ ሌክ ሉዊዝን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ጉልበቷን ያማታል። ከፍታውስ አይከብዳትም?

እህቴ፣ እማማ ከአዲስ አበባ ከመጡ ከፍታው አያሳስብሽ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሐይቁ ከዚያ ዝቅ ይላል። ይልቅ ከዝቅተኛ ከተማ የመጣ ሰው ነው ቀስ ማለት ያለበት።

ለጉልበታቸው የሐይቁ ዳር መንገድ ጥሩ ነው፤ ሜዳ ነው፤ እስከፈለጉበት ሄደው መመለስ ይችላሉ። ሐይቁ ጫፍ ያለው ትልቅ የድንጋይ ክምር ላይ የሚወጣው መንገድ ግን ደረጃ አለው። አጭር ነው፤ ደግፋችኋቸው እያረፉ ቢወጡና ባይቀርባቸው ደስ ይለኛል፤ ትልቁ እይታ እዚያ ላይ ነው። ከ1969 ጀምሮ በታተመው የካናዳ 20 ዶላር ኖት ጀርባ ላይ የነበረው የዚህ ሸለቆ እይታ ነው። የአካል ጉዳተኛ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ካላቸው ደግሞ በመኪና መግባት ይፈቀድላችኋል፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ በጠዋት ድረሱ። ወፍራም ጋቢያቸውን አትርሺ።

ጥያቄ፦ ቀለሙ እውነት ነው ወይስ ፎቶው ተነካክቶ ነው?

እውነት ነው። በዓይን ሲታይ እንዲያውም ይበልጣል።

የበረዶ ግግር ዝም ብሎ የተቀመጠ በረዶ አይደለም። በራሱ ክብደት እየተጫነ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን ዓለት እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። የሚወጣው የድንጋይ ዱቄት እጅግ የላመ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ሐይቁ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። ፀሐይ ስትመታው ውሃው ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዱቄቱ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ወደ ዓይናችን ይመልሳል። ሰማዩ ከላይ ስለተንጸባረቀ ብቻ የመጣ ቀለም አይደለም። ውሃውን በእጅህ ብትዘግነው ግን ሰማያዊ ሆኖ አታገኘውም። ቀለሙ የሚታየው ውሃው ጥልቀት ሲኖረው ነው።

ስለዚህ ቀለሙ በወቅት ይለዋወጣል። በጁን መጀመሪያ ሐይቁ ገና በረዶ ሊኖረው ይችላል፤ ውሃውም ጎድሎ ዳር ዳሩ ጭቃና ድንጋይ ይታያል። በዚያ ጊዜ ሄደው «ይሄ ነው እንዴ?» ብለው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ሙቀቱ ሲጨምር ግግሩ ይቀልጣል፤ ውሃው ይሞላል፤ ዱቄቱ ይመጣል። ጁላይና የኦገስት መጀመሪያ ዋናው ጊዜ ነው።

የቀኑ ሰዓትም ለውጥ አለው። ፀሐይ ስትወጣ ተራሮቹ ወርቅ ይመስላሉ፤ ውሃው ግን ገና ጥላ ውስጥ ነው። ለውሃው ቀለም ረፋዱ ይሻላል። ከዳር ቆሞ ከማየት ደግሞ ከፍ ብሎ ከድንጋዩ ክምር ላይ ማየት።

ጥያቄ፦ «ሞሬን» ግግር ገፍቶ ያመጣው የድንጋይ ክምር ማለት ነው። ያ ክምር በእርግጥ የግግር ሥራ ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1899 ስሙን የሰጠው ዋልተር ዊልኮክስ እንደዚያ አስቦ ነበር። አሁን በብዛት የሚታመነው ግን ክምሩ ባብዛኛው ከጎን ካለው ተራራ ተንዶ የወረደ ዓለት መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ ዓመት ሰሞን ዕረፍት አለኝ። ያኔስ ይዘጋል?

አይዘጋም፤ እንዲያውም እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ያንን ጊዜ ነው። መንገዱ ክፍት የሚሆነው ከጁን መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የበረዶ ናዳ ስለሚያሰጋ ይዘጋል።

ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ላርች የሚባሉት ዛፎች ቢጫ ይሆናሉ። ጥድ የሚመስሉ ናቸው፤ ግን ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ወደ ላርች ሸለቆ የሚወጣ መንገድ አለ። አቀበቱ ያደክማል፤ ላይ ሲደረስ ግን ሸለቆው በሙሉ ቢጫ ነው። አገራችን በአደይ አበባ በምታሸበርቅበት ሳምንት ይህን ማየት ልብ ይነካል። ችግሩ ሕዝቡ ነው፤ ሻትሉ ያኔ ከጁላይ ባልተናነሰ ይጣበባል። በሥራ ቀን መሄድ ከቻልክ ሂድ። በረዶም ሊጥል ይችላል።

ጥያቄ፦ ድብ አለ ይባላል። ልጆች ይዘን ነው የምንሄደው።

አለ፤ ግሪዝሊም ጥቁር ድብም። ሰው በሚበዛበት ሐይቅ ዳር ብዙም አትስጉ። ወደ ጫካው መንገድ ከገባችሁ ግን እያወራችሁ ሂዱ፤ ልጆቹን ከፊት አታስሩጡ። የድብ ስፕሬይ (ድብ ሲጠጋ የሚረጭ ማባረሪያ) ካልጋሪም ባንፍም ይሸጣል። ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ወገብ ላይ ይታሰር፤ አከፋፈቱንም ሱቁ ውስጥ ተማሩ። በአውሮፕላን ይዞ መጓዝ አይቻልም።

ድብ ካያችሁ 100 ሜትር ራቁ፤ አትሩጡ። አንዳንድ ጊዜ ወደ ላርች ሸለቆና ኮንሶሌሽን ሌክስ ወደሚባሉት ሐይቆች በሚወስዱት መንገዶች ላይ ቢያንስ 4 ሆናችሁ ተጠጋግታችሁ ካልሄዳችሁ አይፈቀድም። ይህ ምክር ሳይሆን ሕግ ነው፤ መንገዱ መግቢያ ላይ ይለጠፋል። ለሽኮኮም ቢሆን ዳቦ አትስጡ። የዱር እንስሳ መመገብ እስከ 25,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። የሰው ምግብ የለመደ እንስሳ ደግሞ መጨረሻው አያምርም።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ቡና ማፍላት ይቻላል? ከሰልና ጀበና ይዘን ነበር ያሰብነው።

ሐይቁ ዳር እሳት አይነደድም፤ ከሰልም ዕጣንም ያው ነው። ጫካው በሰመር ደረቅ ነው፤ አንድ ፍም ብዙ ያጠፋል። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙት። ምግብ መብላት ይቻላል፤ ፍርፋሪውና ፌስታሉ ግን ድብ በማይከፍተው ቆሻሻ መጣያ ይግባ። ዶሮ ወጥ ያለበትን ዕቃ ሳሩ ላይ ትታችሁ ፎቶ ልትነሱ እንዳትሄዱ።

ጥያቄ፦ መዋኘትስ? ድሮንስ?

ውሃው በጁላይም እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ነው፤ እግር መንከር ይበቃል። ድሮን ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ፤ ግሪን ካርድ አለኝ። የካናዳ ቪዛ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግህም። ግን ግሪን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርትህንም አብረህ ታሳያለህ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትህ ሊያልቅ የቀረበ ከሆነ እድሳቱን ቀድመህ ጨርስ።

ጥያቄ፦ እኛ አገር የበረዶ ግግር የሠራው ሐይቅ አለ?

አለ! ይህን ጥያቄ ሳነብ ደስ አለኝ። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጋርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ከፍታው 3,950 ሜትር ገደማ ነው። በጥንቱ የበረዶ ዘመን የባሌም የሰሜንም ተራሮች ግግር ነበራቸው። ያ ግግር ዓለቱን ቦርቡሮ ጎድጓዳ ትቶ ሄደ፤ ጎድጓዳው ውሃ ሞላ። ሐይቁ ሥር የተከማቸው ደለል ከ15 ሺህ ዓመት በላይ የሆነ የአየር ንብረት ታሪክ ይዟል። ተመራማሪዎች እየቆፈሩ ያነቡታል።

ሁለቱን ሐይቆች አስተያዩልኝ። የባሌው ውሃ ጠቆር ያለ ነው። እዚያ ግግሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዓለት የሚፈጭ፣ ዱቄት የሚያወርድ የለም። የሞሬን ሌክ ሰማያዊ እስከዛሬ ያለው ከላይ ግግር ስላለ ነው። እሱም ዛሬ በየዓመቱ እየሳሳ ነው። ግግሩ ሲያልቅ ዱቄቱም ይቆማል፤ ያ ቀለም ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ከፎቶው በፊት ይህን ብትነግሯቸው ደስ ይለኛል። ጣታችሁን ወደ ላይ ጠቁማችሁ በረዶውን አሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ ሻትሉ ሁለቴም አመለጠን። እንግዳዬ ደግሞ እሑድ ይመለሳል። ምን ላድርግ?

ቀኑን አታበላሹ። ከሌክ ሉዊዝ አይስፊልድስ ፓርክዌይ በሚባለው መንገድ ወደ ሰሜን ንዱ። 40 ደቂቃ ሳይሞላ ቦው ሌክን መንገዱ ዳር ታገኙታላችሁ፤ ግግሩም ከሐይቁ ጀርባ ይታያል። ትንሽ አለፍ ብሎ ፔይቶ ሌክ አለ፤ ከላይ ቆሞ ቁልቁል የሚታይ ነው፤ ቀለሙ ከሞሬን አያንስም። ሁለቱም ቦታ መያዝ አይጠይቁም፤ የፓርኩ መግቢያ ብቻ ይበቃል። በዚያ መንገድ ላይ ስልክ አይሠራም፤ ማደያም ጥቂት ነው። ሌክ ሉዊዝ ላይ ነዳጅ ሙሉ፤ ካርታውንም ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።